ዘይት በወጣበት ውሃ ይገባል፦ የትንንሽ የጀልባ ሞተሮች የዘይት ፍሳሽ

ሞተሩን ከጀልባው አውርዳችሁ ማቆሚያው ላይ ሰቅላችሁታል። በማግስቱ ጠዋት ስትመጡ ከሥሩ መዳፍ የምታክል የዘይት እድፍ ወለሉ ላይ ትጠብቃችኋለች። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ወይ «ትንሽ ናት፣ ምንም አይደል» ብሎ ያልፋል፣ ወይ የጎደለውን ሞልቶ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስታሉ። የወጣው ዘይት ያን ያህል አያሳስብም። የሚያሳስበው በዚያው ቀዳዳ የሚገባው ነው።

ከጀልባ ጀርባ የሚታሰር ሞተር፣ አውትቦርድ የምንለው፣ የታችኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው። ከታች፣ ፕሮፔለሩ ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ማርሽ ቤት በዘይት የተሞላች ናት። ስትሠራ ትሞቃለች፤ ውስጧ ያለው ዘይትና አየር ይለጠጥና በደከመው ማሸጊያ ጎማ በኩል ትንሽ ይወጣል። ሞተሩ ሲጠፋ ዙሪያዋ ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ያበርዳታል። ያኔ ውስጧ ይኮማተርና ልክ እንደ መርፌ ሲሪንጅ ውሃ ወደ ውስጥ ትስባለች። በእያንዳንዱ ጉዞ ይህ ይደገማል። ዘይቱ በውሃ ሲበላሽ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት) ይዝጋል፣ ማርሹ ይበላል። ወለሉ ላይ ያያችኋት ጠብታ የዚህ ሁሉ የመጀመሪያ ምልክት ልትሆን ትችላለች። ወይም ምንም ላትሆን ትችላለች። ልዩነቱን ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

የፈሰሰው ምንድን ነው?

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ጠብታውን እወቁት። ነጭ ወረቀት ከሥሩ አድርጉና አንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት ወረቀቱን አሽትቱት፣ ፈሳሹን በሁለት ጣት አሹት። የማርሽ ዘይት ወፍራም ነው፣ ጣት ላይ ይለጠፋል፣ የዲን ሽታ አለው። አንዴ ካሸተታችሁት አትረሱትም። የሞተር ዘይት ቀጠን ይላል፤ አዲስ ከሆነ የማር መልክ አለው፣ ከቆየ ይጠቁራል። ቤንዚን የሚሸት ቀጭን ቅባት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከነዳጅ መስመር ጋር የተያያዘ ነው። ቀለም ብቻውን ግን ያታልላል። አምራቾች ዘይታቸውን ሰማያዊም አረንጓዴም ያደርጉታል። በአፍንጫና በጣት ተማመኑ።

እዚህ ላይ ሞተራችሁ ባለ ሁለት ምት ይሁን ባለ አራት ምት ማወቅ ግድ ነው። ባለ አራት ምት፣ ፎር ስትሮክ የሚባለው፣ እንደ መኪና የራሱ የሞተር ዘይት ማጠራቀሚያ አለው። ባለ ሁለት ምቱ የለውም። ትንንሾቹ ላይ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ምጣኔው 50 ለ 1 ነው፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። የቆዩት ከዚህ እጥፍ የሚጠጋ ይፈልጋሉ። ይህ ዘይት ሁሉ አይቃጠልም። በተለይ ሞተሩ ለረጅም ሰዓት በዝግታ ሲሠራ፣ ያልተቃጠለው ጥቁር ሆኖ የጭስ መውጫው ውስጥ ይጠራቀማል። የብዙዎቹ ጭስ መውጫ ደግሞ በፕሮፔለሩ እምብርት በኩል ነው። ስለዚህ ሞተሩን ስታነሱት ከፕሮፔለሩ ሥር ጥቁር ነገር ጠብ ጠብ ይላል። ፍሳሽ አይደለም። በዚህ ደንግጠው ደህና ማርሽ ቤት የሚፈቱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በማያውቅ እጅ የተፈታ ደህና ዕቃ ደግሞ ሲመለስ ደህና ላይሆን ይችላል።

ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ለጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ ማርሽ ቤቱ ላይ ያለችውን የላይኛዋን ብሎን ፍቱ። ዘይቱ እስከ ቀዳዳዋ ከንፈር ድረስ ካለ፣ ጥቁሩ ነገር ከጭሱ ነው የመጣው። ከጎደለ ከማርሽ ቤቱ ነው።

ሌላም የሚያሳስት አለ። ኮፈኑን ስትከፍቱ ካርቡሬተሩ ሥር ቅባት ከተጠራቀመና ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፈሰሰው ነዳጅ ነው። ቤንዚኑ ተኖ ይጠፋል፣ ዘይቱ ይቀራል። ጥፋቱ የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊ መርፌ በቆሻሻ ተይዞ አለመዝጋቱ ወይም የነዳጅ ቱቦው መሰንጠቁ ሊሆን ይችላል። ይህን አታሳድሩት። ክዳን በተደፋበት ሞተር ውስጥ የሚጠራቀም የቤንዚን ትነት አንዲት ብልጭታ ነው የሚፈልገው።

ከየት እንደሚፈስ ለማግኘት

ዘይት ካመለጠበት ቦታ አይቆይም። ይወርዳል፤ ጀልባው ሲሄድ ንፋሱና ውሃው ወደ ኋላ ይገፉታል። ስለዚህ ጠብታው የተንጠለጠለበት ቦታ ምንጩ አይደለም። ፈልጉት የሚባለው ከሁሉም ከፍ ያለውና ከሁሉም ወደ ፊት ያለው እርጥብ ቦታ ነው።

ይህን ለማየት ሞተሩ ንጹሕ መሆን አለበት። በቅባት ማስለቀቂያ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። ከዚያ በጠረጠራችሁት ቦታ ዙሪያ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ነፋ አድርጉ። ሞተሩን ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ አሠሩት። ውሃው ከማቀዝቀዣ ውሃ ማስገቢያው በላይ መሆኑን አረጋግጡ። በደረቁ ማስነሳት ፈጽሞ አይሆንም፤ የውሃ ፓምፑ የጎማ ቅጠሎች ያለ ውሃ በሴኮንዶች ውስጥ ይቃጠላሉ። ስትጨርሱ ኮፈኑ ውስጥና ከውሃው በላይ ያለውን አካል በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ነጩ ፓውደር ላይ ዘይቱ ጠቆር ያለ መስመር ሠርቶ ታገኙታላችሁ። መስመሩን ወደ ላይ ተከተሉት። ውሃ ውስጥ ለነበረው የታችኛው ክፍል ግን ፓውደሩ አይረዳም፤ ለእሱ ሌላ ዘዴ አለ፣ እመጣበታለሁ።

ከማርሽ ቤቱ ብሎኖች ጀምሩ

የማርሽ ቤት ዘይት ፈሰሰ ሲባል መጀመሪያ የማያቸው ሁለቱን ብሎኖች ነው፤ የታችኛዋን ማፍሰሻና የላይኛዋን መተንፈሻ። ሁለቱም ሥር ስስ ሮንዴላ፣ ማለትም ማሸጊያ ቀለበት፣ አለች። ይህች ሮንዴላ አንዴ ከተጨፈለቀች እንደገና በደንብ አትዘጋም። ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ አድርጉ። ከሁሉም ዕቃ ርካሿ ናት፣ ብዙ ፍሳሽ ደግሞ እሷ ጋ ያበቃል። «አጠብቀዋለሁ» ብላችሁ በጉልበት አትጫኑት። ቤቱ አሉሚኒየም ነው፤ የብሎኑ ቀዳዳ ጥርስ ከተበላ ከሮንዴላ ዋጋ ወደ ማርሽ ቤት ዋጋ ተሸጋገራችሁ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። በቆዩ ጆንሰንና ኤቪንሩድ ሞተሮች ላይ ከማፍሰሻዋ አጠገብ ባለ መስቀል አናት ብሎን አለች። ማፍሰሻ ትመስላለች፣ አይደለችም። ውስጥ ያለውን የማርሽ መቀየሪያ የምትይዘው እሷ ናት። ከፈታችኋት መቀየሪያው ከቦታው ይወድቃል፣ ለመመለስ ማርሽ ቤቱን መበተን ይጠይቃል። ማፍሰሻዋ ሰፊ አናት ያላት፣ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ የምትፈታዋ ናት።

ዘይቱን ስታወጡ መጀመሪያ የታችኛዋን ብሎን በጣም በትንሹ ላላ አድርጉና ጠብቁ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሞተሩ ቆሞ ካደረ ከሥር ይተኛል። መጀመሪያ የምትወጣው ጠብታ ንጹሕ ውሃ ከሆነች፣ የምትፈልጉትን መልስ አገኛችሁ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ፍቱ፣ የላይኛዋንም ክፈቱ፤ አየር ካልገባ ዘይቱ አይወርድም። የወጣውን በንጹሕ ሳህን ተቀበሉ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ከዘይቱ ጋር ተደባልቋል። ብሎኗ ማግኔት ካላት ጫፏ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር በጣታችሁ አሹት። እንደ ጭቃ ከላመ የተለመደ የማርሽ መፋቅ ነው። በጣት የሚዳሰስ ስንጣሪ ብረት ካለ ግን ነገሩ ከፍሳሽ አልፏል።

ስትሞሉ ከታች ወደ ላይ ነው። በማፍሰሻዋ ቀዳዳ በዘይት ፓምፕ እየገፋችሁ አስገቡ፣ በላይኛዋ ቀዳዳ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪፈስ ድረስ። ከላይ ብትሞሉት አየር ውስጥ ይታሰርና የሞላ ይመስላችኋል። ሲሞላ መጀመሪያ የላይኛዋን ዝጉ። ያኔ ፓምፑን ከታች ስትነቅሉ ዘይቱ ባለበት ይቆማል፣ ማፍሰሻዋን ለመመለስ ጊዜ ታገኛላችሁ። የትንንሾቹ ማርሽ ቤት የሚይዘው ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ጉድለት ትልቅ ጉዳት የሚሆነው።

የፕሮፔለሩ ዘንግ

ሮንዴላዎቹን ቀይራችሁ ዘይት አሁንም ከጠፋ፣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የፕሮፔለሩን ዘንግ አቅፎ የሚይዘው የጎማ ቀለበት ነው፣ ኦይል ሲል ወይም በአጭሩ ሲል የሚባለው። ይህን ጎማ ከዕድሜ ይልቅ የሚገድለው የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው።

አንድ ጊዜ ማርሽ ቤቱ ዘይት የማይይዝለት ትንሽ ሞተር ከፈትኩ። ፕሮፔለሩን ሳወጣው ከውጭ ምንም አይታይም። ከኋላው ያለችውን ወፍራም የብረት ቀለበት ሳነሳት ግን ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ናይለን ክር አገኘሁ፤ በሙቀት ቀልጦ እንደ ጠንካራ ቀለበት ሆኗል። በጥፍር አልላቀቅ ብሎ በምላጭ ቆርጬ ነው ያወጣሁት። ሥሩ ያለው ሲል ከንፈሩ ተገምሶ ነበር። ክሩ በእያንዳንዱ ዙር እየተጠመጠመ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጎማውን እንደ መጋዝ ይበላዋል። በተለይ ዓሣ በሚጠመድበት ውሃ ላይ የምትሠሩ ከሆነ በየጊዜው ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ ተመልከቱ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ፕሮፔለር ከመንካታችሁ በፊት ግን የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። በእጅ ስታዞሩት ሞተሩ ሊነሳ ይችላል።

ሲሉን መቀየር ትዕግሥት ለያዘ ሰው የሚቻል ሥራ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ዘንጉን የሚይዘው ክብ ማቀፊያ በሁለት ብሎን ነው የታሰረው። እሱን ስትስቡ ኦሪንጉም (ክብ የጎማ ማሸጊያው) አብሮ ይወጣል፤ ያንንም ቀይሩት። ብዙ ጊዜ ሲሎቹ ሁለት ናቸው፣ ጀርባና ጀርባ ሆነው ይቀመጣሉ። የውስጠኛው ዘይት እንዳይወጣ ነው፣ የውጪው ውሃ እንዳይገባ። ይህን ያላስተዋለ ሰው ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ ይጭናቸዋል፣ ከዚያ «አዲስ አድርጌው አሁንም ያፈሳል» ይላል። ከማውጣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በሞተራችሁ ላይ ፊታቸው ወዴት እንደነበር የሚነግራችሁ ፎቶውና የሞተሩ መመሪያ ነው።

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ዘንጉን እዩት። ጎማው የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍራችሁ ርዝመቱን ተከትላችሁ ጫር አድርጉ። ጥፍራችሁ የሚገባበት ቦይ ካለ፣ የፈለገ አዲስ ሲል ብትገጥሙም አይዘጋም። ስስ የብረት እጅጌ ዘንጉ ላይ ማልበስ ወይም ቦታ ካለ ሲሉን ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ያልተበላው ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ያለዚያ ዘንጉ ይቀየራል። ሲሉን ስታስገቡ ውጫዊ ስፋቱን በሚመጥን ክብ ብረት፣ ለምሳሌ በቡሶላ (በክብ የብሎን መፍቻ)፣ ቀስ እያላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ምቱት። ከንፈሩን ግሪስ ቀቡት፣ በሁለቱ መካከልም ግሪስ ሙሉ። ዘንጉን መልሳችሁ ስታሳልፉ የዘንጉ ጥርስና የቁልፍ ሽቦው ቀዳዳ ስለታም ናቸው፤ ፕላስተር ጠቅልሉባቸው። አዲስ ጎማ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚቀደደው እዚህ ነው።

ከሞተሩ ወደ ታች የሚወርደው ረጅሙ ዘንግም የራሱ ሲሎች አሉት፣ ከውሃ ፓምፑ ሥር። እነሱን ለማግኘት ማርሽ ቤቱን ከነሙሉ ማውረድ፣ የማርሽ መቀየሪያውን ዘንግ ማላቀቅ፣ ፓምፑን መፍታት ያስፈልጋል። እዚያ ድረስ ከገባችሁ የፓምፑንም የጎማ ቅጠሎች ቀይሩ። ስትገጥሙ የዘንጉን ጥርስ ጎን ግሪስ ቀቡ፣ አናቱን ግን ተዉት። አናቱ ላይ የታሰረ ግሪስ ዘንጉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግደዋል።

ዘይት ሳትሞሉ ፈትኑት

ቅድም ያልኩት ዘዴ ይህ ነው፤ ምንጩን ለማግኘትም፣ የጠገናችሁትን ለማረጋገጥም ያገለግላል። ማርሽ ቤቱ ባዶ እያለ አንዷን ብሎን ዝጉ፣ በሌላዋ ቀዳዳ ባለ መለኪያ የእጅ ፓምፕ አያይዙ። አየር በቀስታ ሙሉ። ለአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች 10 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃል፤ ልኩን መመሪያው ይነግራችኋል፣ ከዚያ አትለፉ። ብዙ ግፊት ደህናውን ሲል ራሱ ከቦታው ይነቅለዋል። መርፌው ለጥቂት ደቂቃ ሳይወርድ ከቆመ ጥሩ። ከወረደ ማርሽ ቤቱን ውሃ ባልዲ ውስጥ አስገቡት፣ አረፋው ምንጩን ያሳያችኋል። ዘንጎቹን በእጅ እያዞራችሁ፣ ማርሽ እየቀየራችሁ ፈትኑ። ቆሞ የሚይዝ ሲዞር የሚለቅ ሲል ብዙ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። እኔ ግን የመሳብ ፈተናውንም እንድታደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ግፊት የሚፈትነው ዘይት እንዳይወጣ የተቀመጠውን ከንፈር ነው። ውሃ እንዳይገባ የተቀመጠው ሌላኛው ነው፤ እሱ የሚፈተነው አየሩ ከውስጥ ሲሳብ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ያለፈ ማርሽ ቤት ሁለተኛውን ሲወድቅ ይታያል። እንዲህ ያለው ሞተር አንድ ጠብታ ዘይት ሳያፈስ ውሃ ይጠጣል።

ከላይ የሚፈሰው

ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ከላይ የሚመጣ ዘይት ብዙ ጊዜ ከስብራት ሳይሆን ከአያያዝ ነው። አንደኛው ከልክ በላይ መሙላት ነው። መለኪያው የሚነበበው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ነው። ተጋድሞ ወይም አዘንብሎ ሳለ ካነበባችሁት ይሳሳታል፣ ትጨምራላችሁ፣ የተረፈው በሞተሩ የራሱ መተንፈሻ ወደ አየር ማስገቢያው ይገፋል። ሁለተኛው አስተኛኘት ነው። በመኪና ስትጭኑት በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ላይ በሥዕል ተለጥፏል። በሌላው ጎን ካስተኛችሁት ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩና ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳል፣ ሲነሳ ነጭ ጭስ ያፈናል። ገመዱ አልሳብ ካለ በጉልበት አትጎትቱት። ካንዴላውን አውጡ፣ ቀስ ብላችሁ ጎትታችሁ ዘይቱን አስወጡ።

መለኪያው ላይ ዘይቱ ሳትጨምሩበት ከፍ ብሎ ካገኛችሁትስ? አሽትቱት። ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው፤ ሞተሩ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ለረጅም ሰዓት በዝግታ ሲሠራ ይህ ይደርሳል። ቡና በወተት ከመሰለ ደግሞ ውሃ ነው። የቀጠነ ዘይት ጓርኒሲዮኑን (በብረቶቹ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ሁሉ አልፎ ይወጣል፤ እናንተ ጓርኒሲዮን ትቀይራላችሁ፣ በሽታው ግን ሌላ ነው።

የቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን፣ የማፍሰሻው ሮንዴላ፣ ፊልትሮ ካለው የፊልትሮው ጎማ፤ እነዚህ በቤት የሚሠሩ ናቸው። በጓርኒሲዮን ፋንታ ሲልከን መቀባት ግን አይመቸኝም። የተረፈው ተቆርሶ የዘይት መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ዘይቱ ከታችኛው የክራንክ ዘንግ ሲል ከሆነ ወደ እግሩ (ሞተሩን ከማርሽ ቤቱ ወደሚያገናኘው ረጅም አካል) ውስጥ ይወርዳል፣ ከውጭ ሳይታይ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ይሠራል። እሱን ለመቀየር ሞተሩ ከእግሩ መነሳት አለበት፣ ልምድ ላለው ሰው ስጡት።

ባለ ሁለት ምት ላይ የክራንክ ሲል ሲደክም የሚታየው ምልክት ትንሽ ነው፤ ከላይ ቮላኖው (ሞተሩ አናት ላይ የሚዞረው ከባድ የብረት መንኮራኩር) ሥር ዙሪያውን የተረጨ ቅባት። አደጋው ግን ከሁሉም የከፋ ነው። በዚያ ክፍተት አየር ይገባል። ቤንዚኑም አብሮት ያለው ዘይትም ከአየሩ አንጻር ያንሳሉ፣ ፒስቶኑ ይግላል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ሞተሩ ነዳጅ ሳትሰጡት ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ እያለ ከተቸገራችሁና ቮላኖው ሥር ቅባት ካለ፣ ካርቡሬተሩን ደጋግማችሁ ከማስተካከል በፊት አቁሙትና ሲሉን አስፈትሹ።

የወጣውን ዘይት በጠርሙስ ሰብስባችሁ አሮጌ ዘይት ለሚቀበል ስጡ። ውሃው ላይ ካፈሰሳችሁ በሚመጥ ጨርቅ አንሱት። ሳሙና ማፍሰስ ዘይቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያነሳውም፣ ታች ላለው ሕይወትም ይብሳል።

ከጥገናው በኋላ ጥቂት ሰዓት ከሠራችሁበት አንድ ሌሊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ጠዋት ማፍሰሻዋን ብሎን በሩብ ዙር ላላ አድርጉና ጣታችሁን ከሥሯ ያዙ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ወፍራምና ጥርት ያለች ዘይት ከሆነች፣ መልሳችሁ አጥብቁና ወደ ውሃው ውሰዱት።